ዝቅተኛ ውጤት መቼ ይታመናል? የወንዝ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል በሃንፎርድ

መግቢያ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳርቻ የሚገኘው የሃንፎርድ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1943 ለኑክሌር መሣሪያ የሚውል ፕሉቶኒየም ለማምረት የተቋቋመ ነው። ምርቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የግዛቱ መንግሥት የጽዳት ስምምነት ተፈራረሙ። ይህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ በወንዝ ዳር ጉድጓድ የተገኘ ዝቅተኛ የብክለት መጠን ውሃው መጽዳቱን ያረጋግጣልን?

የብክለቱ ምንጭ

በወንዙ ዳር ከተሠሩት ዘጠኝ ሪአክተሮች ስምንቱ የወንዙን ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው የሚቀዘቅዙ ነበሩ። ቧንቧዎች እንዳይዝጉ በውሃው ላይ ሶዲየም ዳይክሮሜት ይጨመር ነበር። ያገለገለው ውሃና በማስተላለፊያ ቦታዎች የፈሰሰው ጥቅጥቅ ያለ ውህድ ወደ አፈሩ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃውን በሄክሳቫለንት ክሮሚየም በከለው። ይህ የክሮሚየም ዓይነት በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟና ከደለል ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ ከውሃው ጋር ወደ ወንዙ ይጓዛል።

በአገሪቱ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ጠቅላላ የክሮሚየም መጠን በሊትር 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በግዛቱ የውሃ ውስጥ ሕይወትን ለመጠበቅ ተወስኖ የቆየው የሄክሳቫለንት ክሮሚየም መጠን ግን 10 ማይክሮግራም ነበር። የቺኑክ ሳልመን ዓሣ በመጸው ወራት በዚሁ የወንዝ ክፍል ጠጠር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ የተበከለው ውሃ ወደ ወንዙ የሚወጣውም በዚያው ጠጠር በኩል ነው።

የአተረጓጎም ችግር

ከላይ ያለው የፕሪስት ራፒድስ ግድብ ለኃይል ማመንጫ ውሃ ሲለቅ የወንዙ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ወደ ዳርቻው ገብቶ ጉድጓዶቹን ያቀጥናል። በአንጻሩ ከዳርቻው ራቅ ባሉ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ቀድሞ ደረቅ የነበረውን የተበከለ አፈር ሊያጥብና የክሮሚየሙን መጠን ሊጨምር ይችላል።

መቅጠንን ከመጽዳት ለመለየት የውሃው ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይረዳል፤ የወንዙ ውሃ አስተላላፊነት ከከርሰ ምድሩ ውሃ ያነሰ ነውና። ለማሳያ ያህል፣ የወንዙ አስተላላፊነት 150፣ የከርሰ ምድሩ 500፣ የናሙናው ደግሞ 220 ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ድርሻ 70 ለ350 ሲካፈል፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። ናሙናው 8 ማይክሮግራም ክሮሚየም ቢያሳይና የወንዙ ክሮሚየም ከቁጥር የማይገባ ቢሆን፣ ያልቀጠነው የከርሰ ምድር ውሃ በሊትር 40 ማይክሮግራም ይዟል ማለት ነው። ከ10 ማይክሮግራም በታች የሆነው ውጤት ከዚሁ መጠን አራት እጥፍ የሆነ ብክለትን ሸፍኗል።

ሌላው አሳሳች ሁኔታ ፓምፕ ነው። በሥፍራው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ውሃው በፓምፕ እየወጣ፣ ክሮሚየሙ በአየን ልውውጥ ይጣራል። ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ የሚታየው መቀነስ ዘላቂ መሆኑ የሚታወቀው ግን ፓምፑ ቆሞ ክትትሉ ሲቀጥል ነው፤ በአፈሩ የቀረ ክሮሚየም ካለ መጠኑ መልሶ ያሻቅባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት፣ በወንዝ ዳር የሚካሄድ ክትትል ከእያንዳንዱ የክሮሚየም ውጤት ጋር የወንዙን ከፍታ፣ የጉድጓዱን የውሃ ከፍታና አስተላላፊነቱን አብሮ መመዝገብ ይገባዋል። ናሙናም ወንዙ ዝቅ በሚልበት በመጸው መወሰድ አለበት፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙም ሳይቀጥን የሚወጣው፣ ዓሣውም እንቁላሉን የሚጥለው በዚያን ጊዜ ነውና። እነዚህ መረጃዎች ያልተያያዙለት ዝቅተኛ ቁጥር የጽዳት ሥራን ለማቆም በቂ ማስረጃ አይሆንም።