መደላድሉም ሸክም ነው

አህያ የሚጭን ገበሬ አንድ ነገር ያውቃል። እህሉን ብቻ ሳይሆን መደላድሉንና መጫኛውንም የምትሸከመው አህያዋ ናት። መደላድሉ ከከበደ እህሉን ይቀንሳል። ካልቀነሰ ጀርባዋ ይገጠባል። በጣም ሲበዛባትም ትተኛለች። መኪና ግን አይተኛም። ከልኩ በላይ ቢጫንም ይሄዳል። ስለዚህ ሸክሙን በቁጥር ካላወቅንለት መጎዳቱ አይታየንም።

ዛሬ የምናነበው አራቱም ጎማዎቹ በሞተሩ ኃይል ስለሚዞሩ መኪና ነው። እንደ ላንድሮቨርና እንደ ላንድክሩዘር ያለው ማለት ነው። ጭቃና ድንጋይ ስለማይበግረው የሩቅ አገር ጎብኚዎች በእሱ ይሄዳሉ። የደባርቅ አካባቢ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው እሱ ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው በሊማሊሞ መንገድም ያልፋል። ይህ ጠመዝማዛ መንገድ በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ማለት የሰው ነፍስ ማለት ነው።

ፋብሪካው በመኪናው ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ይለጥፋል። ብዙ ጊዜ በሩ ሲከፈት ከምሰሶው ላይ፣ ወይም ከሞተሩ ክዳን ሥር ትገኛለች። መኪናው ከነሰዎቹ፣ ከነነዳጁና ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ትልቁ ክብደት ይጻፍባታል። በብዙዎቹ ላይ የፊት ጎማዎቹና የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚችሉትም ይጻፋል።

እስቲ በምሳሌ እንቁጠር። ሰሌዳዋ 3,000 ኪሎ ትላለች እንበል። ባዶው መኪና 2,200 ኪሎ ይመዝናል። የቀረው 800 ኪሎ፣ ማለትም ስምንት ኩንታል ነው። ስምንት ኩንታል ብዙ ይመስላል። ባለቤቱም ብዙ ነው ብሎ ወደ ጋራዥ ይገባል።

ከፊት የብረት መከላከያ ያስገጥማል፤ 60 ኪሎ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው በገመድ የሚጎትት ዊንች ይጨምራል፤ 40 ኪሎ። ከጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ፤ 40 ኪሎ። በፖርቶመጋላው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፤ 60 ኪሎ። ሁለተኛ የነዳጅ ጋን ከነናፍጣው 100 ኪሎ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ 35 ኪሎ፣ የብረት ሣጥን 65 ኪሎ። እንደ ዕቃው ዓይነት ቁጥሩ ከፍም ዝቅም ይላል። በዚህ ምሳሌ ድምሩ 400 ኪሎ ሆነ። አንድ ሰው ሳይሳፈር፣ አንድ ጆንያ ሳይጫን፣ ከስምንቱ ኩንታል አራቱ አለቀ።

ቀጥሎ ሰዎች ይገባሉ። ሾፌሩ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ሦስት እንግዶች ስድስት ናቸው። አንዱን በ70 ኪሎ ብንይዝ 420 ኪሎ ነው። (አንዳንድ ፋብሪካ ሾፌሩን በባዶው መኪና ክብደት ውስጥ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱ አይቆጥረውም። እኛ አልቆጠርነውም።) መኪናው እዚህ ላይ ልኩን በ20 ኪሎ አለፈ። ገና ውሃ እንኳ አልተጫነም! አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 60 ሊትር ሲጫን 60 ኪሎ ይሆናል። ስንቅና የማብሰያ ዕቃ 80 ኪሎ፣ ሻንጣ 90 ኪሎ። እንግዲህ መኪናው 250 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ተኩል ትርፍ ተሸክሞ ሊማሊሞን ሊወርድ ነው።

ትርፉ ምን ያደርጋል? ፍሬን መኪናውን የሚይዘው በመታሸት ነው። የታሸ ነገር ደግሞ ይግላል። ክብደቱ በበዛ ቁጥር ግለቱ ይበዛል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ሾፌሩ ቢረግጠውም አይዝም። ዐዋቂ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ሞተሩ እንዲያግዘው ነው። ጎማም የራሱ ልክ አለው። ከጎኑ ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱ የሚችለውን ክብደት ያመለክታል። የክብደት ቁጥሩ 100 የሆነ ጎማ 800 ኪሎ ይችላል፤ ያውም ንፋሱ ካልጎደለ ነው።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም መታየት አለበት። ሁለት ሰዎች በአጠና ላይ ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ አስቡ። ሸክሙ በመካከላቸው ከሆነ ይካፈሉታል። ከኋለኛው ሰው አልፎ ከተንጠለጠለ ግን ኋለኛውን ከሸክሙም በላይ ይከብደዋል፤ ከፊተኛው ትከሻ ላይ ደግሞ አጠናው ብድግ ይላል። በመኪናም ያው ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ቢሆንና 100 ኪሎ ከኋላ ጎማው 1 ሜትር አልፎ ቢንጠለጠል፣ በኋላ ጎማዎቹ ላይ 133 ኪሎ ይጨመራል፤ ከፊቶቹ ላይ 33 ኪሎ ይቀንሳል። ፊቱ የቀለለ መኪና ለመሪ አይታዘዝም። ጣሪያ ላይ የተቆለለው ደግሞ መታጠፊያ ላይ ወደ ገደል ይስባል።

አንዳንዱ ባለ መኪና ኋላው ሲጎብጥበት የባሌስትራ ቅጠል ያስጨምራል። መኪናው ቀና ይላል። እኔ ይህን ከሁሉ የባሰ መታለል እለዋለሁ። ፍሬኑ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ ሻንሲውም ያው ነው። መደላድል ስለወፈረ የአህያ እግር አይበረታም። ይልቅስ ነዳጁ ሞልቶ፣ ውሃው ተጭኖ፣ ሰዎቹ ተሳፍረው፣ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይውጣ። መጀመሪያ ሙሉው፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ብቻ፣ ከዚያ የኋላዎቹ ብቻ ይመዘኑ።

«ይህ የሾፌር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል እንጂ! በቃሬዛ ሕመምተኛ ይዘን መንገድ ዳር ስንቆም የሚመጣው ይኸው መኪና ነው።

«ልጄ፣ እባክህ፣ ምጥ ጠንቶባታል፤ እስከ ጤና ጣቢያ አድርስልን» ይላሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ መኪናው ሞልቷል፤ ምን ላድርግ?» ይላል ሾፌሩ።

ሾፌሩ አልዋሸም። ታዲያ ወይ ትቷቸው ይሄዳል፣ ወይ ሁለት ጎረምሶች ከፖርቶመጋላው ላይ አውጥቶ ለወላዲቱ ቦታ ያስለቅቃል። ሁለተኛው ደግነት ይመስላል። ግን ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው መኪናውንም ራሱንም ይጥላል። ሌላ መንገድ አለ። አስጎብኚውና አብሳዩ ይውረዱ። ሻንጣውና ስንቁም አብሮ ይውረድ። ሽማግሌው «ዕቃህን ቆጥረህ ስጠን፤ ስትመለስ ትወስዳለህ» ቢሉት ሾፌሩ ቶሎ ይወስናል።

ጥያቄ

በምሳሌያችን መኪና ላይ የነበረው ትርፍ 250 ኪሎ ነው። አስጎብኚው፣ አብሳዩ፣ ሻንጣውና ከነማብሰያው ስንቁ ወረዱ። ወላዲቱና ደጋፊዋ ተሳፈሩ፤ ሁለቱ 130 ኪሎ ናቸው። መኪናው ገና ትርፍ አለበት። ስንት ኪሎ ነው? ከቀረው ዕቃ የትኛውን ታወርዱለታላችሁ?