ከጎጆ የወደቀች ድንቢጥ እጃችሁ ስትገባ

ልጆች የወደቀች ጫጩት በመዳፋቸው አቅፈው ሲመጡ፣ ገና ከበሩ ላይ «ጋሼ፣ ምን እናብላት?» ነው የሚሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። አስቀድማችሁ ጫጩቷን እዩልኝ፤ ላባ አብቅላለች ወይስ ራቁቷን ናት?

ላባዋ ሞልቶ፣ ጅራቷ አጠር ብሎ፣ መሬት ላይ እየዘለለች የምትሄድ ከሆነ ወላጅ አልባ አይደለችም። ድንቢጥ ከተፈለፈለች በሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆዋን ትለቃለች። መብረሩን ገና አልቻለችበትምና እናትና አባቷ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተከተሉ ለተጨማሪ ቀናት ያበሏታል። ድመት ከማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጧትና ሂዱ። አሳዳጊ ያላትን ልጅ ይዞ ቤት መግባት በሰው ቋንቋ ጠለፋ ነው።

ራቁቷን ከሆነች ወይም ላባዋ ገና ከሰገባው ካልወጣ፣ ቦታዋ ጎጆዋ ውስጥ ነው። ጎጆው ከቆርቆሮው ሥር ካለ መሰላል ፈልጉና መልሷት። «ሰው የነካትን ጫጩት እናቷ አትቀበላትም» የሚለውን እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት አይደለም። ወፍ ልጇን የምትለየው በቦታዋ፣ በድምፅዋና በተከፈተው አፏ ነው እንጂ የእጃችሁን ጠረን ሽሽት ልጇን አትጥልም። ጎጆው በዝናብ ከፈረሰ ትንሽ ቅርጫት ወይም ሥሩ የተበሳሳ ጣሳ ደረቅ ሣር ጎዝጉዛችሁ እዚያው አጠገብ እሰሩላት። ከዚያ ራቅ ብላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ቆማችሁ ካፈጠጣችሁባት እናቷ አትመጣም።

ታዲያ እናንተ የምታሳድጓት መቼ ነው? ወላጆቿ መሞታቸው በዓይን ሲታይ፣ ወይም ያልኳችሁን አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ ማንም ሳይመጣ ሲቀር። ድመት የነከሳት ከሆነች ቁስሉ ባይታይም እንኳ የድመት አፍ ጀርም ፈጥኖ ይገድላታልና ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ጭልፊት፣ ጉጉት፣ ጥንብ አንሳና መሰል ትልልቅ ወፎች የቤት ሥራ አይደሉም፤ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አስታውቁ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማስቀረት በሕግ ያስጠይቃል፤ እዚህ የምንነጋገረው ለመልቀቅ ስለማሳደግ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጫጩቷ በእርግጥ የእናንተ ሆነች እንበል። አሁንም ምግቡን አቆዩት። ቅደም ተከተሉ ሙቀት፣ ከዚያ እርጥበት፣ ከዚያ ምግብ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው በደግነት ይገድላታል፤ ሰውነቷ የቀዘቀዘ ጫጩት የበላችውን መፍጨት ስለማትችል ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። ላባ የሌላት ጫጩት ወደ 35 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ትፈልጋለች። የአዲስ አበባ ሌሊት ይህን አይሰጣትም። ለብ ካለው ትንሽ የሚበልጥ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሙሉ፣ በፎጣ ጠቅልሉት፣ በእጅ አንጓችሁ ለኩት፤ ካላቃጠላችሁ የጫማ ካርቶን ውስጥ በአንድ ጎን አስቀምጡት። በአንድ ጎን ያልኩት ሲሞቃት የምትርቅበት ቦታ እንዲኖራት ነው። ውሃው ሲበርድ ቀይሩት፤ ሌሊትም ጭምር። ቴርሞሜትር ባይኖራችሁ ራሷ ትነግራችኋለች። አፏን ከፍታ እያለከለከች አንገቷን ከዘረጋች ሞቋታል፤ ስትዳሰስ ከቀዘቀዘችና ከደነዘዘች በርዷታል።

ለአልጋዋ ትንሽ የቡና ሲኒ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ውሰዱና ሶፍት ደራርባችሁ አንጥፉበት። እግሮቿ ከሥሯ መሰብሰብ አለባቸው። ዝርግ ካርቶን ላይ ያደገች ጫጩት እግሯ ወደ ጎን ተንሸራቶ ይቀራል፣ በኋላም ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። ጥጥ አታንጥፉ፤ ጥፍሯ ላይ ይጠመጠማል።

ውሃ በመንቁሯ አታንጠባጥቡ። አፏ ሲከፈት ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ ከምላሷ ኋላ መሃል ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የአየር ቧንቧዋ ናት። አንዲት ጠብታ እዚያ ከገባች ሳንባዋ ውስጥ ነው የምትገኘው። ብዙ ጫጩቶች የሚሞቱት በረሃብ ሳይሆን «ጠማት» ብሎ በሚያዝን ሰው እጅ ነው። የሚያስፈልጋትን ውሃ ከረጠበ ምግብ ታገኘዋለች። ቆዳዋ ተጨማዶ በጣም የደረቀች ከሆነ በጣታችሁ ጫፍ መንቁሯን ከዳር በኩል ብቻ አርጥቡላት፤ ራሷ ትልሰዋለች።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ መጣን። ድንቢጥን የምናውቃት የተሰጣ እህል ስትለቅም፣ ከድርቆሽ ላይ ስትሰርቅ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንጀራ ፈትፍቶ ወይም ዳቦ በወተት ነክሮ ይሰጣል። ጎጆዋን ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እህል የምትሰርቀው እናት ለልጇ ይዛ የምትገባው አባጨጓሬ፣ ፌንጣና ትንኝ ነው። ራቁቷን የተወለደች ጫጩት በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንት፣ ሥጋና ላባ ማብቀል አለባት፤ ይህ ሁሉ ከፕሮቲን ነው የሚሠራው። እንጀራና ዳቦ ሆዷን ይሞላሉ እንጂ ላባ አይሆኑም። ወተት ደግሞ ወፍ የማትፈጨው ስኳር ስላለው ያስቀምጣታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በሹካ አድቅቁ፤ ቅርፊቱን አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁና አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ወቅጣችሁ ከላዩ ቁንጥር አድርጉበት፤ ካልሲየሙ ለአጥንቷ ነው። ከሱፐርማርኬት ደረቅ የድመት ምግብ ማግኘት የምትችሉ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አለስልሱት፤ ከአስኳሉ ጋር ቢደባለቅ ይበልጥ ይሟላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያው ነፍሳቱ ነው። ፌንጣ ስትይዙ ጭንቅላቱንና እሾሃም እግሩን ቆርጣችሁ ጣሉ። ዝናብ ሲያባራ የሚወጣው ባለ ክንፍ ምስጥ ክንፉ ተነቅሎ ግሩም ምግብ ነው። መድኃኒት ከተረጨበት ጓሮ የተለቀመ ትል ግን አትስጡ።

አሰጣጡን ቀስ ብላችሁ ተለማመዱት። ጫፉ የማይወጋ ወረንጦ ወይም የተላገ የጥርስ መፈቅፈቂያ ያዙ። የሲኒውን ከንፈር መታ መታ ስታደርጉት፣ ጫጩቷ እናቷ ጎጆው ላይ ያረፈች መስሏት አንገቷን ታሰግጋለች፤ አፏም በቢጫ ከንፈር ተከቦ ወለል ይላል። የምስር ክክ የምታክል ጉርሻ ወደ ጉሮሮዋ ጠለቅ አድርጉ፣ ያቺን ቀዳዳ አሳልፋችሁ። ሦስት አራት ጊዜ ትውጥና አፏን ትዘጋለች። በቃት ማለት ነው፤ አታስገድዷት። አንገቷ አጠገብ ስስ ቆዳ ሥር የምታብጥ ከረጢት ትታያችኋለች፤ የምግብ ማቆያዋ ናት። ሳትጎድል ሌላ አትጨምሩ።

ራቁቷን ሳለች በየ20 እስከ 30 ደቂቃው፣ ላባ ስታወጣ በየሰዓቱ ትበላለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም ፀሐይ ሳለ። ሌሊት ወላጆቿም አያበሉም፣ እናንተም ተኙ፤ ሙቅ ውሃውን ለመቀየር ብቻ ተነሡ። ቀን ሥራ የሚውል ብቸኛ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ካልቻላችሁ ገና ከጅምሩ ለሚችል ስጡ።

ከበላች በኋላ ወዲያው ጀርባዋን ወደ ሲኒው ጠርዝ አዙራ ትወዛወዛለች፤ በነጭ ስስ ሽፋን የተቋጠረ ኩስም ይወጣል። በጎጆው ቢሆን እናቷ በመንቁሯ አንሥታ ሩቅ ትጥለው ነበር። እናንተም በወረንጦ አንሡት። ቋጠሮው ጠንካራ ከሆነ ሆዷ ደኅና ነው፤ ውሃ ከሆነና ከሸተተ ምግቡን መርምሩ። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልጆቹንም አስታጥቡ።

ርግብና ዋኖስ ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። አፋቸውን ከፍተው አይጠብቁም፤ መንቁራቸውን በእናት ወይም በአባታቸው አፍ ውስጥ ከትተው ከጉሮሯቸው የሚወጣ እርጎ መሳይ ፈሳሽ ነው የሚመገቡት። በወረንጦ ልታጎርሷቸው ብትሞክሩ ትደክማላችሁ። ጫፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ሲሪንጅ ውስጥ ለስላሳ ምግብ ሞልታችሁ መንቁራቸውን እንዲከቱበት ማድረግ ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ልምድ ለሌለው አልመክርም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በትጋት የሚሆን ነው። ከባዱ ጫጩቷ እናንተን እንዳትወድ ማድረግ ነው። የኦስትሪያው ኮንራድ ሎሬንዝ የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል ወጥተው መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት እንደሚከተሉ አሳይቷል፤ ለእንስሳት ጠባይ ጥናቱም በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሌሎች ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ነገሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ያሳየችው ግን ቴክስ የተባለች ወፍ ናት። ሁፒንግ ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ነጭ የአሜሪካ ወፍ በ1941 እ.ኤ.አ. ሊጠፋ ደርሶ ሃያ ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። ቴክስ በ1960ዎቹ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ መካነ እንስሳት ተፈልፍላ በሰው እጅ አደገች። አካሏ ሙሉ ነበር፤ ወንድ ሲያቀርቡላት ግን ፊቷን ታዞራለች፤ የምትመርጠው ሰውን ነው። እነዚህ ወፎች ለመጣመር ይጨፍራሉና፣ ጆርጅ አርቺባልድ የተባለ ሳይንቲስት በዊስኮንሲን ባራቡ ከ1976 ጀምሮ ክንዱን እያርገበገበ አብሯት ጨፈረ፤ እንቁላል እንድትጥል ነበር። በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቅላ በ1982 አንድ ጫጩት ተፈለፈለላት። ስድስት ዓመት ጭፈራ ለአንድ ጫጩት! ከዚህ በኋላ አሳዳጊዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ የወፍ ጭንቅላት በሚመስል አሻንጉሊት ማብላት ያዙ። ያም ቢሆን ሙሉ መፍትሔ አልሆነም፤ በዚህ መንገድ አድገው አውሮፕላን እየመራቸው ለስደት ጉዞ የወጡት ልጆቻቸውን በማሳደግ ደካማ ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙ በ2016 እ.ኤ.አ. ቆመ።

ድንቢጥ እንደ ዝይ ወይም እንደ ክሬን ሰውን እንደ ወገኗ አትቆጥርም፤ ለማዳ ግን ትሆናለች፤ ለማዳ ድንቢጥ ደግሞ የድመት ምሳ ናት። ስለዚህ ስም አታውጡላት፣ አታሻሿት፣ ትከሻችሁ ላይ አታሳርፏት፣ እያበላችኋት አታውሩ። ልጆች ይህን አይወዱም፤ የማወራው ከእነሱ ጋር ብዙ ተከራክሬ ነው። ላባዋ ሲሞላ ካርቶኑን ድንቢጦች ከሚንጫጩበት መስኮት ሥር አዛውሩት፤ ቋንቋዋን ከእነሱ ትስማ። ሁለት ጫጩት ካለ አንድ ላይ አሳድጉ።

ጎጆ የምትለቅበት ዕድሜ ሲደርስ ከሲኒው ወጥታ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። ያኔ ውፍረታቸው የተለያየ የዛፍ ቅርንጫፎች ወዳሉበት ሰፊ የሽቦ ቤት አስገቧት። ዝርግ ሳህን ላይ ውሃ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ፍሬ ያለው ሣርና የሚንቀሳቀሱ ትሎች አስቀምጡ። መጀመሪያ ትጫወትባቸዋለች እንጂ አትበላም፤ ስለዚህ ማጉረሱን በአንዴ አታቁሙ፣ እያራቃችሁ ቀንሱ። ውሃው ውስጥ ስትታጠብ ልብ በሉ፤ ጠብታው ከላባዋ ላይ መንሸራተት አለበት። ሰርጎ ካረጠባት ለክረምት አልደረሰችም።

የምትለቀቀው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያለ እናንተ እጅ ከበላች፣ ከመሬት ተነሥታ እስከ ጣሪያው ከበረረች፣ እናንተ ስትቀርቡም ከሸሸች ነው። የመጨረሻው ያስከፋችሁ ይሆናል፤ ምልክቱ ግን እሱ ነው። ድንቢጦች በሚበዙበት ሰፈር፣ ሰማዩ በጠራበት ማለዳ፣ በሩን ከፍታችሁ ራቁ። አታባርሯት፤ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ምግቡን ለአንድ ሁለት ሳምንት እዚያው ተዉላት፤ አንዳንዷ ሲመሽ እየተመለሰች ትበላለች፣ አንዳንዷ አትመለስም። ሳህኑ ሳይነካ ማደር ሲጀምር ቅርንጫፎቹን አቃጥሉ፣ ሽቦ ቤቱን በሳሙናና በበረኪና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁት።