ጥያቄሽን ከመስኮቱ ይዘሽ ሂጂ

«በትምህርቴ አገሬን ለማገልገል» ብለሽ የጀመርሽውን የማስተርስ ማመልከቻ ሰርዢው፣ እህቴ። እንዲህ ያላለ አመልካች የለም። አንቺ የምታውቂውን ጻፊ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መስኮት ላይ ተቀምጠሽ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣችን አራስ «ነገ ተመለሺ» የምትያት ለምንድን ነው? ሲስተም የለም፣ መታወቂያዋ የሌላ ወረዳ ነው፣ ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል። የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ ማስተርስ መነሻው ይኸው ነው።

አስቢው እስቲ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ስንቱ በቀኑ እንደሚመጣ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አዋጁ ከወጣበት ቀን አንስቶ ያቺ አራስ ወረቀቷን እስክትይዝ ድረስ በመካከል ምን ይፈጠራል? ሁለት ዓመት የምትማሪው ይህንን ነው።

ማይክል ሊፕስኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፖሊሲን በመጨረሻ የሚሠራው ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ሠራተኛ ነው ይላል። ወረፋው ሲበዛበት ማንን እንደሚያስቀድም፣ ማንን እንደሚመልስ የሚወስነው እሱ ነውና። ስታነቢው ስለ አንቺ የተጻፈ ይመስልሻል። ከእሱ በፊት ግን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አንብቢ። ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ በየክፍሉ የውጭ አገር ስም ብቻ ሲጠራ መስማት ያሳዝነኛል።

የመግቢያ ፈተናው ሒሳብ አለበት፣ ከአሁኑ ተለማመጂ። መሥሪያ ቤትሽ የሚከፍልልሽ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

የምፈራልሽ ቴሲሱን ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ መደርደሪያውን እዪው፤ ርዕሱ ሁሉ «የአገልግሎት አሰጣጥ ግምገማ፣ በእንዲህ ያለ ክፍለ ከተማ» ነው። የናሙናው ብዛት በያማኔ ቀመር ይሰላል፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚል መጠይቅ ይበተናል፣ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ «ለሠራተኞች ሥልጠና ይሰጥ» ተብሎ ይዘጋል። መጠይቁን ያደለው አለቃቸው ከሆነ ሠራተኞቹ ምን ብለው እንደሚሞሉ አንቺም ሞልተሽ ታውቂዋለሽ። ከዚያ የተገኘ አማካይ ውጤት ስለ መሥሪያ ቤቱ ምንም አይናገርም።

አንቺ መዝገብ ተከተዪ። አንድ የልደት ማመልከቻ መቼ ገባ፣ በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ተኛ፣ ማን መለሰው፣ በምን ምክንያት፣ መቼ ተፈረመ? አንዱን ከጨረስሽ በኋላ ሌሎቹን ጨምሪ። ወረፋ ላይ ካሉት እናቶች ጋር ተቀምጠሽ ትራንስፖርት ስንት እንዳወጡ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ጠይቂ። ስታትስቲክሱ ያን ጊዜ ትርጉም ይሰጥሻል፤ የምትቆጥሪው ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽና። የትብብር ደብዳቤውን ቀደም ብለሽ አውጪ፣ መዝገብ ቤት ያለ ደብዳቤ አያስገባም። የባለጉዳይ ስም ደግሞ ማስታወሻሽ ላይ እንኳ አይስፈር። አማካሪ ስትመርጪ ምዕራፍ አንብቦ የሚመልሰው ማን እንደሆነ የዓምና ተመራቂዎችን ጠይቂ፤ ዝናው አይጠቅምሽም።

ቴሲስ ሠርተው የሚሸጡ እንዳሉ ታውቂያለሽ። ሥራ ሲደራረብብሽ፣ ቤትም ልጅም ሲጠብቅሽ፣ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚልሽ ጓደኛ አይጠፋም። እንዳታደርጊው። ነገ በዚህ ዲግሪ ኃላፊ ትሆኛለሽ፣ «ዕቅዱ 98 በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ይቀርብልሻል። ቁጥሩ ከየት መጣ፣ ማን ቆጠረው፣ ማን ሳይቆጠር ቀረ ብሎ መጠየቅ የሚለመደው ያንን ቴሲስ በገዛ እጅ ሲሠሩት ነው። የገዛው ሰው የመጣለትን ሁሉ ይፈርማል፣ ዋጋውን የሚከፍለው መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው ነው።

ዲግሪው ደረጃሽን ከፍ ቢያደርግልሽ ደስ ይለኛል፤ ደመወዝ መፈለግ ነውር የለውም፣ የቤት ኪራዩን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስትጨርሺ በአማርኛ አምስት ገጽ አድርገሽ አሳጥሪውና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አስገቢ፣ አንድ ቅጂም ባለጉዳይ በሚያየው ቦታ አስለጥፊ። ጊዜያቸውን የሰጡሽ እናቶችና የሥራ ባልደረቦችሽ ያገኘሽውን ማንበብ መብታቸው ነው።