አጎቴን ልደብቅ ወይ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከነቀምቴ፣ ከበከኒሳ ቀሴ ነው። በወለጋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ለማስተርስ አሜሪካ ካለ ኮሌጅ የቅበላ ሰነዱ አይ-20 ደርሶኝ ኤምባሲ ኢንተርቪው ብቀርብ ሦስት ጥያቄ ተጠይቄ በሕጉ አንቀጽ 214 ቢ ቪዛ ተከለከልኩ። የሚያስተምረኝ ቡና ነጋዴው አባቴ ነው፤ ባንክ 2.5 ሚሊዮን ብር አለው። ሚኒሶታ ግን አጎት አለኝ። ጓደኞቼ «በሚቀጥለው ደብቂው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትደብቂው። የቪዛ ማመልከቻው ዲኤስ-160 ቅጽ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ እንዳለሽ በግልጽ ይጠይቃል፤ የቀድሞው ቅጽሽም እነሱው ዘንድ አለ። በ214 ቢ የተከለከለ ሰው የማመልከቻውን 185 ዶላር ከፍሎ እንደገና መቅረብ ይችላል፤ የተማሪ ምዝገባውን የሴቪስ 350 ዶላር እንኳ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ለተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) ከተመለሰ ዳግም አይከፍልም። በውሸት የተያዘ ግን ክልከላው ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። አጎት ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የአባትሽ ገንዘብ ነው። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ 2.5 ሚሊዮኑ ከ43 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ምንዛሬው በዓመቱ 130 አለፈ፤ ያው ብር 19 ሺህ እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። አባትሽ አምስት ሳንቲም ሳያጎድሉ ማለት ነው! አይ-20ው ላይ የተጻፈውን የዓመት ወጪ በዛሬው ምንዛሬ አስልተሽ ግቢ፤ ካልበቃ ቀሪው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። አጎትሽ የሚያግዙሽ ከሆነም በግልጽ ተናገሪ።

ሌላም አለ። ቡና ሲሸጥ ሂሳብ ውስጥ ባንድ ጊዜ ብዙ ብር ይገባል። ይህን የማያውቅ የቆንስላ ሠራተኛ «ለታይታ የተበደሩት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያዢ፤ ግን ወረቀቱን ላያየው ስለሚችል አፍሽ ይንገረው።

«ለምን ትመለሻለሽ?» ሲልሽ «አገሬን ስለምወድ» አትበይ፤ እሱን ሁሉም ይለዋል። የተከለከልሽበት 214 ቢ ራሱ አመልካቹን ሁሉ ሊቀር እንደመጣ ነው የሚቆጥረው። ተመልሰሽ የት፣ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ ንገሪው። ኤጀንሲ የሚሸጠውን የተሸመደደ መልስ አትግዢ።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ከቀጠሮው ዋዜማ ቀድመሽ ግቢ። ከመነሳትሽ በፊት ግን አባትሽን ስለ ሂሳባቸው አንድ በአንድ ጠይቂያቸው።