ስኳሩ ነው የወረደው ወይስ ፍርሃቱ ነው የወጣው?



የስኳር በሽታ እንዳለበት ገና የተነገረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ የስኳሩ መብዛት አይደለም። መብዛቱ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው። እንቅልፍ የሚነሳው «በድንገት ወርዶ ቢጥለኝስ?» የሚለው ሐሳብ ነው።

አንድ ነጋዴ ወንድማችንን እናስብ። መድኃኒት ከጀመረ ወር አልሞላውም። ከዙህር በኋላ ሱቁ ውስጥ ሳለ ልቡ ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ በላብ ይሆናል። «ወረደብኝ!» ይልና ብስኩቱንም ለስላሳውንም ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል። ማታ መተኛት ስለሚፈራ በእራቱ ላይ ሌላ እራት ይደርባል። ውሎ አድሮም ሐኪሙን ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ይቀንሳል። ይህ ሰው ፈሪ አይደለም። የጎደለው ዕውቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን በዋናነት የሚሠራው በደም ውስጥ ባለው ስኳር ነው። ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ይረጫል፤ ይህም ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያደርገዋል። ልብን የሚያስመታውና እጅን የሚያንቀጠቅጠው ይኸው አድሬናሊን ነው። ሰው ሲደነግጥና ሲጨነቅም የሚረጨው ያው ነው። እንግዲህ የስኳር መውረድና ፍርሃት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ዳኛው የስኳር መለኪያው መሣሪያ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ስኳሩ ለወራት 250 እና 300 ላይ የቆየ ሰው በመድኃኒት ወደ 110 ሲመለስ ሰውነቱ እንደ ወረደ ቆጥሮ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ልኬቱ ግን ጤነኛ ነው። ሰውነቱ ሲለምደው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የምወስደው መድኃኒት ስኳሬን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል ወይ?» የሚል ይሁን። ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች ሊጥሉት ይችላሉ፤ በተለይ ምግብ ሲዘለል ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ያለ ምክንያት የሚጨነቁ ብዙዎች በዚህ አንድ መልስ ብቻ ግማሽ ሸክማቸው ይወርድላቸዋል።

አንባቢ ሆይ! የሚከተለውን አጥንተህ ያዝ፤ ለቤተሰብህም አስተምር።

አንደኛ፣ ምልክቱ ሲሰማህ ለካ። ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወርዷል፤ ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። መለኪያ በእጅህ ከሌለ እንደ ወረደ ቆጥረህ ስኳር ውሰድ።

ሁለተኛ፣ የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፦ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። «ስኳር የለውም» የተባለው ለስላሳ ግን አይረዳም። ቸኮላታና ኬክ ቅባት ስላላቸው ይዘገያሉ።

ሦስተኛ፣ 15 ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ለካ። ካልወጣ ድገመው። ከወጣና የምግብ ሰዓትህ ሩቅ ከሆነ ዳቦ ወይም እንጀራ ቅመስ።

አራተኛ፣ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

አምስተኛ፣ ደብተር ይኑርህ። «ወረደብኝ» ባልክ ቁጥር ሰዓቱን፣ ልኬቱንና የበላኸውን ጻፍ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንቱ እውነተኛ መውረድ፣ ስንቱ ፍርሃት እንደነበር ደብተሩ ራሱ ይነግርሃል። በእርግጥ የሚወርድ ከሆነ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው። ልኬቱ ደህና ሆኖ ጭንቀቱ ካልለቀቀህም ለሐኪም መናገር አያሳፍርም፤ ጭንቀትም ይታከማል። በፍርሃት ስኳርን ከፍ አድርጎ መኖር ግን ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ቀስ በቀስ መክፈል ነው።

ፍርሃቱ ይበልጥ የሚያይለው በረመዷን ነው። እዚህ ላይ ፍርሃቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በሚበልጡ ሙስሊም የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከባድ የስኳር መውረድ በረመዷን በአንደኛው ዓይነት ሕሙማን ወደ 5 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ከ7 እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ስለዚህ ከረመዷን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ለአንዳንዱ መጠኑና ሰዓቱ ይቀየርለታል፤ አንዳንዱም እንዳይፆም ይመከራል። ጣት ወግቶ መለካት ፆም ያበላሻል ብለው የሚሰጉ አሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤ፣ ለምርመራ ደም መውሰድ ፆምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ልኬቱ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ግን መግሪብ ሊደርስ 20 ደቂቃ ቢቀረውም ማፍጠር ነው። «ትንሽ ብታገስስ?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ለበሽተኛ ፈቃዱ የተሰጠው ግን በሱረቱል በቀራ ነው፤ ለቀኑም ቀዷ አለው፤ ሕመሙ ለማይለቀው ደግሞ ፊድያ አለ። ፈቃዱን መቀበልም ዒባዳ ነው።

በመጨረሻም፣ ተወኩል ማለት ሰበብን ትቶ መቀመጥ አይደለም። መለኪያውን በቦርሳ፣ ስኳሩን በኪስ፣ ጉዳዩን ለሚያውቅ ባልደረባ ነግሮ መውጣት ሰበብን ማድረስ ነው። ሰበቡን ያደረሰ ሰው ማታ ሲተኛ ልቡን ለአላህ ማስረከብ ይቀለዋል። ያ ነጋዴ ወንድማችንም ልቡ ሲመታ ከብስኩቱ በፊት መለኪያውን ማንሳት የጀመረ ቀን ግማሽ መንገዱን ጨርሷል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።