የራስ አካውንት፣ የሰው ካሜራ

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ራውተሮቹንና ካሜራዎቹን የሚቆጣጠረው ብዙ ደንበኞች በጋራ በሚጠቀሙበት የክላውድ ሶፍትዌር ነው። ሌላ ደንበኛ ወደ እኛ ኔትወርክ ሊገባ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ደርሶም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2023 ዩኒፋይ የተባሉት የኔትወርክና የካሜራ መሣሪያዎች አንዳንድ ተጠቃሚዎች አካውንታቸውን ሲከፍቱ የማያውቁት ሰው መሣሪያዎች ተደርድረው አገኙ። የሌላ ቤት ካሜራ ምስል ስልኩ ላይ የደረሰውም ነበር። አምራቹ ዩቢኩዊቲ የክላውድ ሥርዓቱን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስህተት 1,216 አካውንቶች ከሌሎች 1,177 ጋር መያያዛቸውን አመነ።

የይለፍ ቃል የሰረቀ ማንም አልነበረም።

በብዛት የሚያጋጥመው ክፍተት ግን ከዚህም ይቀልላል። የደንበኛው ብራውዘር «የመሣሪያ ቁጥር 1042ን ቅንብር አምጣ» ብሎ ይጠይቃል እንበል። ሰርቨሩ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያጣራል፤ መሣሪያው የእርሱ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ቁጥሩን 1043 ያደረገ ሰው የሌላ ድርጅት ራውተር ተከፈተለት ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠንካራ የይለፍ ቃል አያድንም፤ የገባው ሕጋዊ ደንበኛ ነውና። ጉዳቱም ከባድ ነው፦ የፋየርዎል ሕጎችና የቪፒኤን ቁልፎች በሰው እጅ ይወድቃሉ። የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የዋና ዋና የደኅንነት ስጋቶች ዝርዝር እንዲህ ያለውን የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት ከ5ኛ ወደ 1ኛ ደረጃ አውጥቶታል።

ዋናው መፍትሔ በሶፍትዌር ሠሪው እጅ ነው። ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ባለቤትነትን ማጣራት አለበት፤ የደንበኛውንም ማንነት መውሰድ ያለበት ተጠቃሚው ከላከው ቁጥር ሳይሆን ከገባበት አካውንት ነው። ጠያቂው ድርጅትም ውሉን ከማደሱ በፊት፣ አንዱ ደንበኛ የሌላውን መረጃ ማየት አለመቻሉ በገለልተኛ ባለሙያ ተፈትሾ እንደሆነ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቅ።