ስለ ከብት በረት ማጠቢያ ፓምፕና ሞተር አመራረጥ

ለበረት ማጠቢያ የሚገዛው ፓምፕና ሞተሩ ካልተመጣጠኑ ገንዘቡ በከንቱ ይባክናል፤ በረቱም ሳይጠራ ይቀራል።

የሚያስፈልገውን የሞተር ጉልበት ለማወቅ፥ በባር የሚቈጠረውን የውሃ ግፊት በደቂቃ በሚወጣው ሊትር አባዝቶ ለ600 ማካፈል ነው። ግፊቱ 100 ባር፥ ውሃውም በደቂቃ 12 ሊትር ቢሆን ውጤቱ 2 ኪሎዋት ይሆናል። ፓምፑ ራሱ ጥቂት ጉልበት ስለሚያባክን ግን ሞተሩ ከ2.5 ኪሎዋት እንዳያንስ ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተር ሲሆን የአገሩ ከፍታ ይታሰባል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይጐድልበታል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሆነ አገር ሩብ ያህሉን ያጣልና፥ በዚያ ለተባለው ፓምፕ ከ3.3 ኪሎዋት የማያንስ ሞተር ይመረጣል።

የክሎሪን መድኃኒት ብረትንና ጎማን ስለሚበላ በግፊት ፓምፑ ውስጥ ማለፍ አይገባውም። ፍግም የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማልና፥ በረቱ አስቀድሞ ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ መድኃኒቱ በእጅ መርጫ በዝግታ ይረጫል። ክሎሪን ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ግን ሰው የሚገድል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማድረግ ከቶ አይፈቀድም።

የየወረዳው የእርሻ ሹማምንት ግዢ ከማዘዛቸው አስቀድሞ ይህን ስሌት ቢያደርጉ፥ የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት፥ ሠራተኛውም ከአደጋ ይድናል።